ኤሊየት ካውንቲ ፓርቲዋን ከዳች ወይስ ፓርቲዋ ከዳት?

አወያይ፦
ጤና ይስጥልን ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የተበተንንበት ነው። ያልነበራችሁ እንድትከተሉን ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። በአሜሪካ፣ በምሥራቅ ኬንታኪ ኮረብታዎች መካከል ኤሊየት የምትባል ካውንቲ፣ እንደ ወረዳ ያለች፣ አለች። ሕዝቧ 8 ሺህ አይሞላም፤ ዋና ከተማዋ ሳንዲ ሁክም የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር ናት። በ1869 ተቋቋመች። ከ1872 እስከ 2012 በተካሄዱት 36 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ሁሉ ያሸነፉባት ዲሞክራቶች ናቸው። ኒክሰን በ1972፣ ሬገን በ1984 ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን ሲወስዱ ኤሊየት ከተሸናፊው ጎን ቆማ ነበር። በ2016 ግን ትራምፕ 70 በመቶ አገኙባት፤ በ2020 ወደ 75፣ በ2024 ደግሞ ወደ 80 በመቶ ከፍ አለላቸው። ጥያቄው ይኸው ነው፦ የኤሊየት ሰዎች ጥቅማቸውን ረስተው ሄዱ ወይስ ፓርቲው ነው ጥሏቸው የሄደው? እንደ ልማዳችን ሰው አይሰደብም። የሀገር ቤት ፖለቲካም ነገሩ ካላስገደደ አይነሣም።

ሲስተር፦
እሑድም ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ ልጀምር። በምሥራቅ ኬንታኪ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆኜ ከሠራሁ ከ10 ዓመት በላይ ሆነኝ። በ2014 መጀመሪያ ገዥው ስቲቭ ቢሺር ሜዲኬይድን፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ለብዙ ሰው ሲከፍቱ እዚያው ነበርኩ። ለዓመታት ስኳሩን ተለክቶ የማያውቅ ሰው፣ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ «ገንዘብ የለኝም» ብላ ደብቃ የኖረች ሴት፣ ሁሉም በዚያ አንድ ክረምት መጡ። በግዛቱ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ይህን ያመጣው የኦባማ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ነው። ያው ሕዝብ በ2016 «ሕጉን እሰርዛለሁ» ላሉት እጩ 70 በመቶ ሰጠ። በ2017 ስረዛው ሴኔት ውስጥ የከሸፈው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዘመቻውን የመሩትም የእኛው የኬንታኪው ሚች ማኮኔል ናቸው። አሁን ደግሞ በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ብዙ የሜዲኬይድ ተጠቃሚ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስመሰክሩ ያስገድዳል፤ በ2027 መጀመሪያ በየግዛቱ ይጀመራል። እየሠራ ያለ ሰው ወረቀት አላሟላህም ተብሎ ከመዝገብ ሲወጣ በዓይኔ ማየቴ እንደማይቀር እፈራለሁ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ነው። እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ንዴቴም ከዚያ የመጣ ነው።

ዘሉዊቪል፦
ሲስተር፣ ሥራሽን አከብራለሁ፤ ያልሽው ገደል ግን እነሱ ዘንድ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ትራክ ስለምነዳ አይ-64ን ከሉዊቪል እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ድረስ እንደ ጓዳዬ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ጭነት አድርሼ ስመለስ ከሞርሄድ ወደ ሳንዲ ሁክ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። ጥገና እስኪመጣ አራት ሰዓት ፈጀ። አራቱንም ሰዓት አንድ ሽማግሌ ጎተራው ደጃፍ ወንበር አውጥቶ አብሮኝ ተቀመጠ። ጎተራው ባዶ ነበር። ጣሪያው ሥር ያሉትን አግዳሚ እንጨቶች እያሳየኝ ትምባሆው የት የት ይሰቀል እንደነበር ሲነግረኝ ነው አመሸን።

ይህን ያልሰማ ሰው ኤሊየትን አይረዳትም። የሚያበቅሉት በርሊ የሚሉትን ትምባሆ ነበር። በበጋው መጨረሻ ይቆረጣል፤ ጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ በአየር ይደርቃል፤ ብርዱ ሲገባ ቅጠሉ ተለይቶ ከገና በፊት ለጨረታ ይቀርባል። የልጅ ጫማም የባንክ ዕዳም ከዚያ ነው የሚወጣው። ዋጋው እንዳይወድቅ በሩዝቬልት ዘመን፣ በ1938፣ የወጣው ሕግ ለየማሳው ኮታ፣ ማለትም የምርት ገደብ፣ ያስቀምጥ ነበር። ገበሬዎቹ ኮታው ይቀጥል አይቀጥል ብለው ራሳቸው በየጊዜው ድምፅ ይሰጡበት ነበር፤ በካውንቲው ቢሮ የሚቀመጠውንም ኮሚቴ ከመካከላቸው ይመርጡ ነበር። እንግዲህ ለዚያ ሽማግሌ ዲሞክራት ማለት ማሳውን የሚለካ ጎረቤቱና ዋጋውን የያዘለት ሕግ ነው።

በ2004 ኮታው ተዘጋ። ቡሽ የፈረሙት ሕግ ለኮታ ባለቤቶችና ለአምራቾች በጠቅላላው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ካሳ መደበ፤ በ10 ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል። እርግጥ ገበሬዎቹም ብዙዎቹ ይፈልጉት ነበር፤ ኮታው ከዓመት ዓመት እየተቀነሰ ስለመጣ። የመጨረሻው ክፍያ የደረሰው በ2014 ነው። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በዚያው አካባቢ አሽላንድ ከተማ ያለው የብረት ፋብሪካ ምድጃውን አጠፋና በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱ ገባ። ከዚያ 2016 መጣ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ማን ደጃቸው መጥቶ ጠየቃቸው? ሽማግሌው ቂም ሳይኖረው ያለኝን ልንገራችሁ፦ «ድሮ የሚለካ ሰው ይመጣ ነበር። አሁን የሚመጣ የለም።»

ቆጣሪው፦
ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ከቁጥሩ ጋር ግን አይገጥምም። እዩት፦ በ2004 የዲሞክራቶቹ እጩ ኬሪ ኤሊየት ላይ 70 በመቶ ገደማ አገኙ። በ2008 ኦባማ 61 በመቶ። በ2012 ኦባማ 49 በመቶ፤ ሪፐብሊካኑን ሮምኒን ያለፉት በጥቂት ነጥብ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን 26 በመቶ ገደማ። ከ2004 እስከ 2012 ድረስ 21 ነጥብ የወረደው ካሳው እየተከፈለ፣ የብረት ፋብሪካውም እየሠራ ነው። ስለዚህ ውድቀቱን የጀመረው የካሳው ማለቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይህ የኤሊየት ጉዳይ ብቻ መስሎ መነገሩ ያሳስታል። ዌስት ቨርጂኒያን ተመልከቱ፤ በ1992ም በ1996ም ቢል ክሊንተንን መርጣ በ2000 ወደ ቡሽ ዞረች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ትምባሆ ያልነበረበት ገጠርም፣ የድንጋይ ከሰል ያልነበረበትም፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሄደው። በመላ ሀገሪቱ ገጠርና ከተማ ተለያየ፤ ኮሌጅ የገባና ያልገባ ተለያየ። ኤሊየትን ልዩ የሚያደርጋት ከሁሉም በኋላ መሄዷ ነው። እኛ «ለምን ከዳች» እንላለን እንጂ የሚገርመው እስከ 2012 መቆየቷ ነው።

የሌክሲንግተን ልጅ፦
እኔ እዚህ ተወልጄ እዚህ ያደግኩ ነኝ፤ አማርኛዬ ከተሳሳተ ይቅርታ። ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ኤሊየት መጀመሪያውኑ ለምን ዲሞክራት ሆነች? በ1872 ዲሞክራቲክ ፓርቲ ማለት ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነፃ ለወጡት ጥቁሮች መብት መስጠትን የሚቃወሙት ነጮች የተሰበሰቡበት ነበር። 140 ዓመት ታማኝነት እያልን ስናደንቅ መነሻውንም እንመልከት። ካውንቲዋ ከ95 በመቶ በላይ ነጭ ናት። በ2016 የተመረጠው እጩ ቅስቀሳውን የጀመረው ስደተኞችን በመወንጀል ነው። እናትና አባቴ ስደተኞች ናቸው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከዚያ አካባቢ ከመጡ ልጆች ጋር ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ደግ ልጆች ነበሩ። ግን ያንን ንግግር ሰምተው «ለእኔ ችግር የለውም» ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ስለ ትምባሆ ብቻ ስናወራ ይህ ጎኑ እየተሸፈነ ነው።

ዘሉዊቪል፦
እህቴ፣ አማርኛሽ ምንም አልጎደለውም። ያልሽው የ1872ቱ እውነት ነው። ግን በ2008ስ? ኦባማ ኬንታኪን በጠቅላላ ሲሸነፉ ይህች ነጭ ካውንቲ 61 በመቶ ሰጥታቸዋለች። ዘረኝነት የለም አልልም፤ እኔም መንገድ ላይ የደረሰብኝ አለ። ሆኖም በቆዳው ጠልተውት ቢሆን ያኔ ነበር የሚዞሩት።

የሌክሲንግተን ልጅ፦
አዎ፣ ግን ከኬሪ ወደ ኦባማ 9 ነጥብ ወርዷል፤ በዚያው ዓመት በመላ ሀገሪቱ የዲሞክራቶች ድምፅ ጨምሮ ሳለ። በ2012 ደግሞ 12 ነጥብ ወረደ። 61 በመቶው የመረጠው ሰው ዘረኛ አይደለም ማለት እችላለሁ። የሄደው ሰው ሁሉ ከዘር ጋር ሳይያያዝ ነው የሄደው ማለት ግን አልችልም።

ቆጣሪው፦
ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው። እቀበለዋለሁ።

ጋሽ መምህር፦
ልጆቼ፣ እስቲ እኔም የታዘብኩትን ልበል። 30 ዓመት ያህል አስተምሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ታሪክ ማንበብ ነው ሥራዬ። በ1928 ዲሞክራቶች አል ስሚዝን፣ ካቶሊክ የሆነውን የኒው ዮርክ ሰው፣ አቀረቡ። የደቡብና የገጠር ፕሮቴስታንት «ጳጳሱ ዋይት ሐውስ ሊገባ ነው» ብሎ በገፍ ሸሸ። ኤሊየት ፕሮቴስታንት ሆና ሳለ አልሸሸችም። በሃይማኖትም በኩል አንድ ጊዜ ተፈትና አልፋለች ማለት ነው። ታዲያ በኋላ ምን ተለወጠ? እኔ የምለው በ1928 ፓርቲው ከእምነታቸው ጋር አልተጋጨም፤ የተጋጨው የእጩው እምነት ነበር። በእኛ ዘመን ግን ሰዎቹ ፓርቲው ራሱ ከእምነታቸው ጋር የተጋጨ ሆኖ ተሰማቸው። ከኤሊየት ጋር በምትዋሰነው በሮዋን ካውንቲ በ2015 የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የካውንቲዋ ጸሐፊ ኪም ዴቪስ ለተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ፈቃድ አልሰጥም ብለው አምስት ቀን ታሰሩ። ሴትዮዋ በ2014 የተመረጡት ዲሞክራት ሆነው ነው። ከእስር በወጡበት በዚያው ወር ሪፐብሊካን ሆኑ። በእሳቸው ሐሳብ ተስማሙ አልልም። ነገር ግን የሺዎችን ጉዞ በአንዲት ሴት ላይ ማየት ይቻላል።

ቆጣሪው፦
ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ። ኪም ዴቪስ በ2018 ለዚያው ወንበር ሲወዳደሩ በዲሞክራት ነው የተሸነፉት። በገዛ ካውንቲያቸው፣ ያ ሁሉ ሆኖ። ሃይማኖት ብቻውን ቢሆን እንዴት ይሸነፋሉ?

ጋሽ መምህር፦
ጥሩ ጠየቅህ። ያሸነፏቸው ሰው የሚታወቁ የአካባቢው ሰው ስለነበሩ ነው እላለሁ። ለጸሐፊነት ሲመርጡ ሰውየውን ያያሉ፤ ለፕሬዚዳንት ሲመርጡ የሚያዩት ሰውየውን አይደለም፤ የትኛው ወገን ነኝ የሚለውን ነው።

ዘሉዊቪል፦
እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው፤ ጋሼ ቀደሙኝ። ሮኪ አድኪንስን አስቡ። የሳንዲ ሁክ ልጅ ናቸው፤ ከ1987 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ያንን አካባቢ በግዛቱ ምክር ቤት ወክለዋል፤ የዲሞክራቶች መሪም ነበሩ። ሰዉ ለትራምፕ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን እዚያው ወረቀት ላይ ለአድኪንስ ሲሰጥ ኖሯል። በ2019 አድኪንስ ለገዥነት በፕራይመሪው፣ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ ተወዳድረው በስቲቭ ቢሺር ልጅ በአንዲ ቢሺር ተሸነፉ፤ በኅዳሩ ምርጫ ግን ኤሊየት ለዚያው ለቢሺር፣ ለዲሞክራቱ፣ ድምፅ ሰጠች። ቢሺር በግዛቱ ያሸነፉት በ5 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ካውንቲዎች ዋጋ ነበራቸው። ከ2016 በኋላ ነው ይህ ሁሉ የሆነው! ሰዎቹ ዲሞክራት የሚለውን ስም ጠልተው ቢሆን ቢሺርን እንዴት ይመርጣሉ? የጠሉት ከሩቅ የሚመጣውን ነው። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 መጋቢት ኦሃዮ ላይ ብዙ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞችንና ኩባንያዎችን ከሥራ ውጪ እናደርጋለን ያሉትን አስታውሱ። አዲስ ሥራ ስለማምጣት ሲያስረዱ ነው ያሉት፤ ግን እዚህ የደረሰው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ኤሊየት ራሷ ትልቅ የከሰል ካውንቲ አይደለችም፤ የሚሰማው ግን ጎረቤቷም ዘመዷም ነው።

ቆጣሪው፦
እዚህ ላይ ከቆምኩበት ትንሽ ልነቃነቅ። የአካባቢ ምርጫ ከሀገር አቀፉ ዘግይቶ ነው የሄደው፤ ይህ ልክ ነው። ግን «ዘግይቶ» የሚለውን አስምሩበት። አድኪንስ ወንበሩን ሲለቁ በ2020 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ቦታውን የወሰደው ሪፐብሊካን ነው። ሰውየው እስካሉ ቆየ፤ ሰውየው ሲሄዱ ሄደ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ኬንታኪ ውስጥ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ በዲሞክራቶች ፕራይመሪ የሚመርጠው ዲሞክራት ሆኖ የተመዘገበ ብቻ ነው። እንደ ኤሊየት ባለ ቦታ ሸሪፉም፣ «የካውንቲ ዳኛ» የሚባለው አስተዳዳሪም፣ ጸሐፊውም የሚለየው ለብዙ ዘመን በዲሞክራቶች ፕራይመሪ ነበር፤ በኅዳር ተፎካካሪ የለም። ስለዚህ ሪፐብሊካን መሆን የፈለገ ሰው እንኳ ሸሪፍ ለመምረጥ ሲል ዲሞክራት ሆኖ ይመዘገባል። በ2016 ከተመዘገቡት መራጮች አብላጫዎቹ ዲሞክራቶች ነበሩ። «ከ140 ዓመት ታማኝነት በኋላ ከዱ» የምንለው ከፊሉ የምዝገባ ልማድ እንጂ የልብ ታማኝነት አይደለም።

ሲስተር፦
ሁላችሁም የምትሉት ገብቶኛል፤ ሰዎቹንም ከእናንተ በላይ አውቃቸዋለሁ። ግን መልስ አላገኘሁም። ገዥውን በሰውነቱ መረጡት፣ እሺ። ገዥው ሜዲኬይድን ብቻውን አይወስንም። ማት ቤቪን ገዥ ሳሉ የሥራ ግዴታውን ሊጭኑ ሞከሩ፤ በ2018 ፌዴራል ዳኛ አገደው፤ ቢሺር በ2019 መጨረሻ ሲገቡ ሰረዙት። ይህ ገዥ የሚችለው ነበር። አሁን የመጣው ግን የኮንግረስ ሕግ ነው፤ ቢሺርም ሊሰርዙት አይችሉም። ከላይ የሚመረጠውን «ወገኔ የት ነው» ብለው ከመረጡ፣ የሚታመሙት ግን እታች ነው። ስለ ክብራቸው ስታወሩ ስለ ኩላሊታቸው የሚያወራ ይጠፋል። እኔ ክፍል ውስጥ የማየው ኩላሊታቸውን ነው።

የቨርጂኒያው፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እኛንስ? አወያይ የሀገር ቤት ፖለቲካ አይነሣ ብሏል፤ የማነሣው ግን የአሜሪካን ምርጫ ነው። በ2021 ቨርጂኒያ የገዥ ምርጫ ነበረ። ብዙዎቻችን ለዓመታት ለዲሞክራቶች ስንመርጥ ኖረን በዚያ ዓመት በማኅበር ተደራጅተን ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ቀሰቀስን። ባይደን በመስከረም በኢትዮጵያ ጉዳይ የማዕቀብ ትእዛዝ ፈርመው ነበር፤ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ልትወጣ መሆኑን ለኮንግረስ ያሳወቁትም ልክ በምርጫው ዕለት፣ ኖቬምበር 2 ነው። ያንግኪን በ2 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። በእኛ ድምፅ ነው ያሸነፉት አልልም፤ ቁጥሩ በእጄ የለም። ግን የራሴን እነግራችኋለሁ። ልጄ ያኔ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ባለቤቴ በኦባማ ሕግ በተከፈተው ገበያ ኢንሹራንስ የምትገዛ ነበረች። ጥቅሜን በካልኩሌተር ቢያሰሉልኝ ለሌላው መምረጥ ነበረብኝ። ያቃጠለኝን ይዤ ሄድኩ። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ጥቅምህን አታውቅም» ቢለኝ ከቤቴ አስወጣው ነበር።

የሌክሲንግተን ልጅ፦
ልክ እንደነሱ ማለትህ ነው?

የቨርጂኒያው፦
ልክ እንደነሱ። ይህን ለማለት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ትክክል ነበርኩ ወይም ተሳስቼ ነበር የሚለውን ዛሬ መክፈት አልፈልግም፤ እዚህ ያለንም በዚያ ጉዳይ አንድ ልብ አልነበረንም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነው የናቀኝ» ብሎ ነው።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ ይህን በግልጽ ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ።

እኔም አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ካውንቲ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰው ነው፤ ሰውም ይሞታል። ሩዝቬልትን በልጅነቱ የሰማ፣ መብራት ቤቱ ሲገባ ያየ ሰው በ2004 ሰባና ሰማንያ ዓመቱ ነበር። በ2016 አብዛኛው መቃብር ውስጥ ነው። ልጆቹ ቤቱን ወረሱ፤ ትዝታውን አልወረሱም። ስለዚህ «ኤሊየት ተለወጠች» ስንል የተለወጠ ሰው ነው ያለው ወይስ የተተካ?

ቆጣሪው፦
ጋሼ፣ ይህን አስቤበት ነበር። በ12 ዓመት ውስጥ የሚሞተውና ለመምረጥ የሚደርሰው ሰው ቢደመር እንኳ 44 ነጥብ አይሞላም። ከፊሉን ያስረዳል፤ አብዛኛው ግን በሕይወት እያለ የዞረ ሰው ነው። ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቦታ ልስጣችሁ። ዋሽንግተን ግዛት በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ክላላም የምትባል ካውንቲ አለች። ከ1980 እስከ 2020 ድረስ በየምርጫው አሸናፊውን ፕሬዚዳንት ስትመርጥ ኖረች፤ ሬገንንም፣ ክሊንተንንም፣ ቡሽንም፣ ኦባማንም፣ ትራምፕንም፣ ባይደንንም። በ2024 ግን ካማላ ሃሪስን መረጠችና ሰንሰለቱ ተበጠሰ። እዚያ እንጨት ቆራጮች የነበሩባቸው ከተሞች አሉ፤ ስኲም ወደሚባለው ከተማ ደግሞ ለዓመታት ጡረተኞች ሲገቡ ኖረዋል። ክላላም ሰው የገባባት ቦታ ናት። ኤሊየት ግን ማንም አልገባባትም። ከ2004 ወዲህ የመጣ ትልቅ ነገር ቢኖር በ2005 የተከፈተው የግዛቱ ማረሚያ ቤት ነው፤ ዛሬ ከዋነኞቹ ቀጣሪዎቿ አንዱ እሱ ነው። እዚያው የነበረው ሰው ነው የዞረው። ስለዚህ ምክንያቱን ከውጭ መጤ ላይ መፈለግ አይቻልም፤ ከውስጣቸው ነው።

ዘሉዊቪል፦
ትምባሆ ያበቅል የነበረ ሰው ልጅ ዛሬ እስረኛ ይጠብቃል። እስቲ ይህን ሁለት ጊዜ አስቡት። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ጡረታም አለው። ግን የአባቱን ሥራ የሚያውቀው በወሬ ነው። እኔ ሀገሬን ስተው ያጣሁትን ያ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አጥቶታል። ለማን መረጠ የሚለውን ሳላጸድቅ ማለት ነው። ለትራምፕ አልመረጥኩም፤ አልመርጥምም። ግን «ጥሎን ሄደ» ሲል እውነቱን ነው።

የሌክሲንግተን ልጅ፦
እኔ ሐሳቤን በሙሉ አልቀየርኩም። የናቀኝ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሌላውን ለመናቅ ፈቃድ አይሰጥም። ግን ስትናገሩ አንድ ነገር ታወቀኝ። 18 ከሞላኝ ጀምሮ ለፕሬዚዳንት መርጫለሁ፤ ለትምህርት ቦርድ፣ ለካውንቲ ዳኛ አንድም ቀን መርጬ አላውቅም። እነዚያ የማወግዛቸው ሰዎች ግን ሸሪፋቸውን በስም ያውቁታል። እኔ የእኔን አላውቅም። የተመዘገብኩትም ነፃ መራጭ ተብዬ ነው።

ቆጣሪው፦
እንግዲያው ልብ በይ፦ በኬንታኪ የፓርቲ ምዝገባሽን ቀይረሽ በሚቀጥለው ዓመት ፕራይመሪ ለመምረጥ የምትችዪው እስከ ዲሴምበር 31 ከቀየርሽ ነው። ከዚያ ቀን ካለፈ ፕራይመሪው ያመልጥሻል። እኔን አንድ ዓመት አምልጦኛል።

ሲስተር፦
ዘሉዊቪል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ሽማግሌ ልጅ አለው?

ዘሉዊቪል፦
አለው። የማረሚያ ቤቱ ሥራ አልደረሰውም፤ የቤት ጣሪያ ይሠራል። ዝናብ ካለ ሥራ የለም፤ የሚከፈለውም በእጅ ነው። ምነው?

ሲስተር፦
እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያሳስበኝ። በወር ከ80 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ግን የሚያሳየው አንድ ወረቀት የለውም። የሚሞላው ቅፅ እስኪመጣ አይጠብቅ። ከአሁኑ ደብተር ይያዝ፤ የሠራበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የማን ጣሪያ እንደሆነ ይጻፍ፤ ባለቤቱንም ያስፈርም። ለማን እንደመረጠ አልጠይቀውም።

ዘሉዊቪል፦
ሐሙስ ወደ ሃንቲንግተን ጭነት አለኝ። ስመለስ በሞርሄድ በኩል እገባለሁ። ደብተሩን እኔው ገዝቼ እወስድለታለሁ፤ ምን ምን እንደሚጽፍ ግን በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ አድርገሽ ላኪልኝ።

ሲስተር፦
ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ እልክልሃለሁ። ስልኬን ጻፍለት፤ ራሱ ይደውልልኝ።